ሰባት ድርብ ጋዜጣ፦ የአንድ የፒያሳ ቤት ጉዳይ

መጋቢት 2016 ነው። ፒያሳ መፍረስ ጀምራለች። አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችና «ዶክተር፣ አክስቴ ቤቱን ሊለቁ ነው። የምኒልክ ጊዜ ቤት ነው ይባላል። እባክዎ አንዴ መጥተው ይዩልን» አለችኝ።

«የምኒልክ ጊዜ ቤት» ሲባል ፒያሳ ውስጥ ስንቴ ሰምቻለሁ መሰላችሁ። በረንዳው ያዘመመ ሁሉ የምኒልክ ጊዜ ነው። ወለሉ ሲረገጥ የሚያቃስት ሁሉ የምኒልክ ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙም ሳልጓጓ ነው የሄድኩት። በዚያ ላይ ቤት የኔ ሙያ አይደለም። እኔ የድንጋይ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ ላይ፣ የጥንት ሰዎች የጠረቡትን ባልጩት ሳገላብጥ ነው። ቦታው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ባልጪት ከሚባለው ጎረቤቱ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። እዚያ ሚሊዮን ዓመት የተቀመጠ ድንጋይ እስከሚቀጥለው የቁፋሮ ወቅት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ፒያሳ ላይ የነበረኝ ዘጠኝ ቀን ነው።

ቤቱ ከዶሮ ማነቂያ ብዙም አይርቅም። ጥቂት ደረጃ ወጥተህ ነው የምትገባው፤ መሠረቱ ከፍ ያለ ድንጋይ፣ ግድግዳው የጭቃ ምርጊት፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ፍርግርግ ያለው የእንጨት በረንዳ። የህንድና የአርመን ግንበኞች ለአራዳ ያስለመዱት ዓይነት ነው። ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የቀበሌ ቤት ሆኖ አምስት አባወራ ይኖርበታል። የተማሪዬ አክስት የያዙት ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፣ እኔም በዚያው ልቀጥል።

«አባቴ ተከራይቶ ሲገባ እንኳ አሮጌ ነበር» አሉኝ ቡናውን እየቀዱ። «ምኒልክ ናቸው ያሠሩት ይባላል።»

ማነው እንደዚህ የሚለው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰው ነዋ!»

ወደ ሥራ ገባን። እኔ፣ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች፣ አንድ ሜትሮ፣ ሁለት ባትሪና አንድ ጥቅል ሚሊሜትር ወረቀት። ፈቃድስ ትሉ ይሆናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ የቅርስ ጥናት አይካሄድም ይላል፤ እኔም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ደብዳቤ ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። «ሰኞ ተመለሱ» ተባልን። ሰኞ ደግሞ ሰባተኛው ቀን ነበር። እነሱም በዚያ ሰሞን መተንፈሻ አልነበራቸውም፣ አልፈርድባቸውም። እስከዚያ አንዲት ሚስማር ሳንነቅል እንለካለን፣ ፎቶ እናነሳለን ብዬ ወሰንኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በረንዳው ላይ ጨረስናቸው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልሱ ያሳፍራል፦ ቆንጆ ስለሆነ። የፍርግርጉን ቅርጽ አንድ በአንድ ስንስል ዋልን። አንዱ ተማሪ ደግሞ ቅርጹ ለፎቶ በደንብ እንዲወጣ የበረንዳውን ኮርኒስና ምሰሶ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ «ጎበዝ» አልኩት። የወለወለው ጥላሸት ነበር። አምስቱ አባወራ ቤቱን ሲካፈሉ ማድ ቤት አልተካፈሉም፤ እያንዳንዱ በረንዳው ላይ የራሱን ምድጃ አስቀምጦ ነው ሲያበስል የኖረው፤ ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ አምስት ቦታ ጥቁር ክብ ነበር። ቤቱ ከአንድ ሰው ቤትነት ወደ አምስት ሰው ቤትነት የተለወጠበትን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ከአምስቱ የሁለቱ ክብ ብቻ ነው የተረፈው፣ እሱም ገና ስንገባ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ጥግ ላይ በአጋጣሚ ስለገባ። መልካ ቁንጥሬ ላይ አንድ ተማሪ የከሰል ርዝራዥ በጨርቅ ቢጠርግ ኖሮ አገር ይያዝልኝ ብዬ እጮህ ነበር። ፒያሳ ላይ ግን ጥላሸት ቆሻሻ ሆኖ ታየኝ፤ እቤቴም ምድጃ ስላለ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን የእማማ የወንድም ልጆች ለመሸጥ ብለው ከፊት ለፊቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ኮምፔርሳቶውን መንቀል ጀመሩ። ከሥሩ ጋዜጣ ወጣ። ከጋዜጣው ሥር ሌላ ጋዜጣ።

በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ምርጊት ይራገፋል፣ ስንጥቁ ብርድ ያስገባል፣ ትኋንም ይደበቅበታል። ስለዚህ የስንዴ ዱቄት በፈላ ውኃ ይበጠበጥና ግድግዳው ጋዜጣ ይለብሳል። በዓል ሲመጣ ወይም ክርስትና ሲኖር ባሮጌው ላይ አዲስ ይደረባል። የድሮውን ማንም አይልጠውም፤ ለምን ይላጣል፣ እንደ ወፍራም ልብስ ያሞቃል እኮ።

እኔ ግን ፈዝዤ ቀረሁ። ቁፋሮ ላይ የምንመራበት ሕግ ቀላል ነው፦ የታችኛው ቀድሞ የተቀመጠ፣ የላይኛው ኋላ የመጣ። ሕጉ ቅደም ተከተሉን ይነግርሃል እንጂ ዓመቱን አይነግርህም፤ ለዓመቱ ናሙና ትልካለህ፣ ገንዘብ ትከፍላለህ፣ ትጠብቃለህ። እዚህ ቤት እያንዳንዱ ንብርብር ቀኑን አናቱ ላይ አሳትሞ ተቀምጧል። ቆጠርናቸው። ሰባት ድርብ።

ከላይ ያለው ሰባተኛው አዲስ ዘመንና የፓርቲ አደራጁ ኮሚሽን (የኢሠፓአኮ) ጋዜጣ ሠርቶ አደር ነው፣ የ1974። ስድስተኛው የ1962 አዲስ ዘመን። ከዚያ ወደ ታች አራት ድርብ የንጉሡ ዘመን ነው፤ ጋዜጣው ራሱ የተጀመረው ጣልያን በወጣበት በ1933 መሆኑን አስታውሱ። ሁሉም ሥር፣ ጭቃው ላይ የተጣበቀው አንደኛው ግን በጣልያንኛ ነው። ቀኑ ተቀዷል። ጠርዙ ላይ የሮማ ቁጥር ብቻ ቀርቷል፣ ዐሥራ ስድስት። ተማሪዎቹ የገጽ ቁጥር መሰላቸው። ገጽ አይደለም። ፋሺስቶቹ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1915 ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር፤ ዐሥራ ስድስተኛው ዓመታቸው በኛ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ላይ ይውላል።

እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ጋዜጣው የ1930 ነው ማለት የተለጠፈው በ1930 ነው ማለት አይደለም። ጋዜጣ ይነበባል፣ ይከማቻል፣ በኪሎ ይሸጣል፣ ስኳር ይጠቀለልበታል፤ ግድግዳ ላይ የሚደርሰው ከስንት ጉዞ በኋላ ነው። ጋዜጣ «ከዚህ ቀን በፊት አልተለጠፍኩም» ማለት ይችላል። «ከዚህ ቀን በኋላ አልተለጠፍኩም» ግን ሊል አይችልም። ይሄን ለተማሪዎቹ እያብራራሁ ሳለ እማማ ከጀርባ «የላይኛውማ የኔ ነው» አሉ።

ዞር አልኩ።

«የላይኛውንም ከሥሩ ያለውንም እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ከዚያ ሥር ያለው ስንገባም ነበረ። እኔ ያኔ ሕፃን ነኝ።»

አያችሁ፣ ጋዜጣው ሊሰጠኝ ያልቻለውን ሌላውን ጫፍ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። የሚያስቀኝ፣ ቤቱ ውስጥ ከገባን አራት ቀን ሆኖናል፣ ቡናቸውን በቀን ሁለቴ እየጠጣን ነው፣ ስለ ምኒልክ ካልሆነ በስተቀር አንድ ጥያቄ አልጠየቅናቸውም።

ዋናው ነገር የመጣው በማግስቱ ነው። ስድስተኛውን ድርብ ፎቶ እያነሳን ሳለ አንድ ነገር አየን፤ ብዙው ገጽ ተገልብጦ ነው የተለጠፈው። ጽሑፉ አናቱ ወደ ታች። ተማሪዬ ማስታወሻው ላይ «በጥድፊያ የተለጠፈ» ብሎ ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩበት። ከዚያ ልጅቷ፣ ሁለተኛዋ ተማሪ፣ «ዶክተር፣ ፎቶ ያለባቸው ገጾች እኮ አንዳቸውም አልተገለበጡም» አለች። ቆጠርን። እውነትም ሰው የሚታይበት ገጽ ሁሉ ቀጥ ብሏል። የተገለበጠው ጽሑፍ ብቻ ያለበት ነው። ሰባተኛው ድርብ ላይ ደግሞ ፎቶ ኖረውም አልኖረውም አንድም የተገለበጠ የለም።

እማማን ጠራናቸውና አሳየናቸው። ቀረብ ብለው አዩት፣ ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ያኔ ማንበብ አልችልም ነበራ! በየት በኩል እንደሚቆም በምን አውቃለሁ?»

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ነው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመቻ፣ ማታ ማታ፣ ትንሿን ልጃቸውን አዝለው ነው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ድርብ መካከል ያለው ያ ነው። ስለ ዘመቻው ስንት ሪፖርት አንብቤያለሁ፣ ስንት ሚሊዮን ሰው ምስክር ወረቀት እንዳገኘ የሚተርክ። አንድ ሰው ማንበብ ከመቻሉ በፊትና ከቻለ በኋላ በገዛ እጁ ያለበሰውን ግድግዳ ግን አይቼ አላውቅም። «በጥድፊያ» የሚለውን ሰረዝነው።

በዚሁ ቀን ልጆቹ ደፉን ሲያነሱ ከሥሩ ጠገራ ብር አገኙ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ደላላ ሁሉ መጣ። ማርትሬዛዋ ላይ 1780 የሚል ስላለ «የሁለት መቶ ምናምን ዓመት ዕቃ ነው!» ተባለ። ለማስረዳት ሞከርኩ፦ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችም በኋላ ያንኑ ዓመት እያደረጉ ከመቶ ዓመት በላይ አትመውታል፤ እኛም አገር እስከ ጣልያን ዘመን ድረስ ገበያ ላይ ነበር፤ ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም። ማን ሰምቶኝ። ማታ ብሩ አልነበረም። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም፣ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለ ግኝት ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን አዋጁ ይናገራል።

ፈቃዱ ሰኞ ከሰዓት ደረሰ። አሁን ግድግዳውን መክፈት እንችላለን። ከፊት ለፊቱ ክፍል ጥግ ላይ ምርጊቱን ስንፈነቅል ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ ሆኖ ተገኘ፣ በፋብሪካ ሚስማር የተመታ። በጭቃው ውስጥ፣ ከጭዱ ጋር አብራ የቦካች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ነበረች። በጥርስ ብሩሽ ስናጸዳት የመዳብ መቶኛ ሳንቲም። ዓመቷ በግዕዝ ቁጥር 1923፣ ንጉሡ ዘውድ የጫኑበት። ለሷ ማንም አልተሰበሰበም። ግን ጉዳዩን የዘጋችው እሷ ናት። ጭቃ ከመመረጉ በፊት ገብታበታለች፤ ስለዚህ ግድግዳው ከ1923 አይቀድምም። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነው።

የጓሮው ክፍል ግን ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ ቋሚው ጥድ ነው፣ መጋዝ ያልነካው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ። አዲስ አበባ መጀመሪያ ላይ ጥዷን ጨርሳ እንጨት ሲጠፋ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው ነበር፤ ያስቀራቸው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ስለዚህ የጥድ ቋሚ ሲያዩ ልብ ይመታል። የኔም መታ። ባትሪ አስጠግቼ ሳየው ግን ቋሚው ላይ ምንም የማይገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ ማገር ከማይደርስበት ቦታ። እንጨቱ ከዚህ በፊት ሌላ ቤት አቁሟል። ያ ቤት ፈርሶ እንጨቱ እዚህ መጣ። ተማሪዎቹ «ካርቦን እናስመርምረው» አሉ። ካርቦን ዛፉ የበቀለበትን ዘመን እንጂ ቤቱ የቆመበትን አይነግርህም፤ በዚያ ላይ ባለፉት ሦስት መቶ ምናምን ዓመታት ውስጥ ላለ ነገር የሚሰጠው መልስ በጣም ሰፊ ስለሆነ ከምኒልክና ከፋሲል መምረጡን ላንተ ነው የሚተወው።

ስምንተኛውን ቀን ብረሳው ደስ ይለኛል። የበልግ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ግማሹ ተነስቷል። ጋዜጣውን በአንድ ቀን ከግድግዳ ማውረድ ነበረብን፤ ከሰኞ በፊት ስለማንነካው ሁሉም ነገር ወደ መጨረሻ ተገፍቶ ነበር። በቢላ በካሬ በካሬ ቆረጥነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ ቦታ ፕላስተር ላይ በእስኪሪብቶ ጽፈን ለጠፍንበት። ውኃ ነካው፣ ቀለሙ ሄደ። 61 ቁራጭ አወጣን፤ የ14ቱን የየትኛው ግድግዳ፣ በየትኛው ከፍታ እንደነበሩ አናውቅም። እርሳስ ብንጠቀም ኖሮ አይጠፋም ነበር። እርሳስ! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚነገረው ነገር ነው። 14ቱ አሁን አሮጌ ጋዜጣ ናቸው፣ አሮጌ ጋዜጣ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሞልቷል።

በመጨረሻው ቀን ለእማማ ውጤቱን ነገርኳቸው። ፊት ለፊቱ ከምኒልክ በኋላ ነው፣ የጓሮው እንጨት ግን አሮጌ ነው፣ ከሌላ ቤት የመጣ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ታዲያ ምኒልክ ጓሮውን ነዋ ያሠሩት» አሉ። ተውኩት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኋላ «ይሄ ቤት እኮ ቢመዘገብ ኖሮ» አለኝ። በምን ስም ነው የሚመዘገበው? የከተማችንን የቅርስ ቤቶች ስትቆጥሩ የባለቤት ስም ነው የምትቆጥሩት፤ የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት። መጠበቃቸው ደግ ነው። የተከራይ ቤት ግን ስም የለውም። ስም ስለሌለው ሰው «የምኒልክ» ይለዋል። እማማም የምኒልክ ነው የሚሉት ቤታቸው በራሳቸው ስም ማንንም እንደማያስደነግጥ ስለሚያውቁ ነው መሰለኝ።

ቤቱ በዐሥረኛው ቀን ፈረሰ። እንጨቱና ቆርቆሮው አስቀድሞ ለቆራሌው ተሸጦ ነበር። ከሳምንት በኋላ ይሄን ነገር እስከ መጨረሻው ልከታተል ብዬ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። በዚያ ጩኸት ውስጥ የየትኛው ቤት ቆርቆሮ የቱ እንደሆነ መለየት ዘበት ነው። በረንዳውን ግን አወቅኩት፣ ሦስት ቀን ስለውኮ ነው የዋልኩት። ግማሹ ፍርግርግ አንድ ሱቅ በር ላይ ተደግፎ ነበር። ዋጋ ጠየቅኩ። ሰውየው ዓይኔን አይቶ ነው የጠራልኝ፤ አልገዛሁም።

ዘንድሮ አሁን ወደሚኖሩበት ገላን ጉራ ሄጄ እማማን ጠየቅኳቸው። የስድስተኛውን ድርብ አንድ ቁራጭ ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ያንኑ የተገለበጠውን ገጽ፣ ግድግዳው ላይ እንደነበረው። የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ እንዳይጠፋ ከጀርባው በእርሳስ ቀስት ሠርቻለሁ፣ ከግርጌው የክፍሉንና የከፍታውን ቁጥር ጽፌያለሁ። ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፍሬሙን አዙረው ጽሑፉን ቀና አደረጉትና ስለ ቡና ዋጋ የሚያወራውን ዓምድ ጮክ ብለው፣ ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ሚስማር አስመቱና እንዳዞሩት ሰቀሉት። ቀስቱ አሁን ወደ ታች ነው የሚያሳየው። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ ቡና ቀረበ።